የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለልጄ የተሻለ ፍሉት ልግዛላት?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

የተከበሩ አዘጋጅ፤ የ16 ዓመት ልጄ ፍሉት መማር ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የምትነፋው ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሆኖ የተገዛላትን፣ በብር የተለበጠ የጀማሪ ፍሉት ነው። አስተማሪዋ «ከእንግዲህ ይህ መሣሪያ ወደ ኋላ ይጎትታታል» ብለውናል። እውነትም ታችኞቹ ድምፆች፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ አልወጣ ስለሚሏት ጣቷ እስኪነጣ ድረስ ቁልፉን ትጫነዋለች፤ ላይኛው ሚ ደግሞ ይሰነጠቅባታል። ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ሲመጣ የተሻለ ፍሉት አመጣላታለሁ ብሏል። ነገር ግን በስልክ «ክፍት ቀዳዳ ይሁን ዝግ? እግሩ አጭሩ ይሁን ረጅሙ? ራሱ ብቻ ብር ይሁን ወይስ ገላውም?» እያለ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ጠፋኝ። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስላለች የፍሉት ድምፅ ይለወጣል የሚሉኝም አሉ። ምን ልበለው?

መልስ

ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ ያነሣቸውን ጥያቄዎች ወደ ኋላ ላይ እመልሳለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ ግን እግረ መንገድዎን የጠቀሷት አንዲት ነገር ከሁሉም በላይ ዓይኔን ይዛዋለች፤ ልጅዎ ጣቷ እስኪነጣ ቁልፉን ትጫናለች ብለዋል። ጤነኛ ፍሉት የጀማሪም ይሁን የባለሙያ፣ ቁልፉ ጣት ስላረፈበት ብቻ ይዘጋል። ኃይል ከጠየቀ፣ ከቁልፉ ሥር ያለው ፓድ ቀዳዳውን በሚገባ አልገጠመም፣ አየር ያሾልካል ማለት ነው። ፓዱ ከታመቀ ሱፍ የተሠራና እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን የተጠቀለለ ክብ ትራስ ስለሆነ፣ የበጋው ድርቀትና የክረምቱ ርጥበት ሲፈራረቁበት ይኮማተራል፣ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላም ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። ታችኛው ዶ እንዲወጣ ከላይ እስከ ታች ያለው ቀዳዳ ሁሉ መዘጋት ስላለበት፣ ከመካከላቸው አንዱ ፀጉር በምታህል ክፍተት ቢያሾልክ በመጀመሪያ የሚጠፉት እነዚያ ታችኞቹ ድምፆች ናቸው።

ይህን ቤትዎ ሆነው መመርመር ይችላሉ። እንደ ሲጋራ መጠቅለያ ያለ ስስ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠው ጫፉን በፓዱና በቀዳዳው ጠርዝ መካከል ያስገቡ፤ ልጅዎ ቁልፉን ስትነፋ እንደምታደርገው ቀስ ብላ ትዝጋው፤ ከዚያ ወረቀቱን ይሳቡት። በዙሪያው በአራቱም አቅጣጫ እኩል ያዝ አድርጎ መውጣት አለበት። በአንድ ጎን ያዝ እያደረገ በሌላው ጎን ሙልጭ ብሎ ከወጣ፣ ሌባውን አገኙት። በዚያው ላይ የፍሉቱን ራስ፣ ማለትም መንፊያ ያለበትን የላይኛውን ክፍል ነቅለው፣ ከፍሉቱ ጋር የሚመጣውን የመወልወያ ዘንግ ጭረት ባለበት ጫፉ በኩል ወደ ውስጥ ይስደዱት። ጭረቷ በመንፊያው ቀዳዳ መካከል ልክ ላይ ካልታየች፣ ከውስጥ ያለው ቡሽ ከቦታው ሸሽቷል። ከቡሹ ፊት እስከ ቀዳዳው መካከል ያለው ርቀት 17 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን ሲገባው ሲዛባ፣ ላይኞቹና ታችኞቹ ድምፆች እርስ በርስ መግባባት ያቆማሉ። ያረጀ ቡሽ በደጋው በጋ ደርቆ ስለሚኮማተር፣ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው ግዢውን ለማስቀረት አይደለም። አስተማሪዋ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚያሾልክ ፍሉት ይዛ ለአራት ዓመት የታገለች ልጅ እውነተኛ ችሎታዋ እስከ አሁን አልታየም። አዲስ አበባ ወርዶ የነፋስ መሣሪያ ለሚጠግን ሰው ማሳየት አንድ ቀን ይፈጃል፤ ፓዱ ተስተካክሎ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከነፋችበት በኋላ ከአዲሱ ፍሉት የምትፈልገው ምን እንደሆነ እሷው ራሷ ትነግርዎታለች።

ስለ ጠዋቱ ችግር ግን መሣሪያውን ብቻ አንውቀስ። የፍሉት ድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚወሰነው በቱቦው ውስጥ ባለው አየር ድምፅ በሚጓዝበት ፍጥነት ሲሆን፣ ያ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው። የአየሩ መሳሳት ለብቻው ፍጥነቱን አይነካውም። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ መቀመጥ ለሳንባ እንጂ ለቅኝት የሚያመጣው ጣጣ የለም፤ ጣጣው ከውርጩ ነው። ድምፅ በ10 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 337 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 349 ሜትር ያህል ይጓዛል። በስሌት ብንሄድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት የተቃኘ ፍሉት ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲደርስ ከግማሽ ድምፅ እኩሌታ በላይ ይወጣል። በተግባር የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም። እንግዲህ ልጅዎ ጠዋት ከመጀመሯ በፊት የመንፊያውን ቀዳዳ በከንፈሯ ሸፍና፣ ድምፅ ሳታወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ደጋግማ ትላክበት፤ ቁልፎቹም በጣቷ ይሙቁ። ይህ ምንም የማይከፈልበት ማሻሻያ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ለወንድምዎ ይንገሩልኝ። የጃፓን ፍሉቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ላ በሰከንድ 442 ጊዜ እንዲርገበገብ ታስቦ ነው፤ እኛ ዘንድ ያሉት ኪቦርዶች ደግሞ በ440 የተቃኙ ናቸው። ሻጩ «442 ነው» ሲለው አይደንግጥ። ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ አሥራ ሁለተኛ እንኳ አይሞላም፤ የራሱን ክፍል ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳብ በማድረግ ይስተካከላል፤ እንዲያውም ቅዝቃዜ ድምፁን በሚያወርድበት አገር ትንሽ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ፍሉት ይመቻል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያምታታል፤ ማዕድኑም ብር፣ ገንዘቡም ብር ነው። የጀማሪ ፍሉት የሚሠራው ኒኬል ሲልቨር ከሚባለው፣ ስሙ እንጂ ገላው ብር ከሌለበት የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ሲሆን፣ ላዩ በብር ይለበጣል። መካከለኛ ደረጃ በሚባለው መሣሪያ መንፊያ ያለበት የራስ ክፍል ከ100 እጁ 92.5 ብር ከሆነ ማዕድን ይሠራል፤ ማኅተሙም 925 ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ገላውም እግሩም ብር ይሆናል። በያማሃ ብንወስድ ይህ መሰላል በቁጥሩ ይታወቃል፤ በ200 የሚጀምሩት ሁለመናቸው የተለበጠ፣ በ300 የሚጀምሩት ራሳቸው ብር፣ በ400 የሚጀምሩት ራሳቸውም ገላቸውም እግራቸውም ብር ሆኖ ቁልፋቸው ብቻ የተለበጠ ነው።

የእኔ ምክር በመካከለኛው እርከን እንዲያቆሙ ነው። ከመካከለኛው ወደ ላይኛው የሚደረገው ዝላይ ብዙ ብር ለብር ማውጣት ነው፤ ለጆሮ የሚጨምረው ግን ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም። ጆን ኮልትማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት የተሠሩ፣ መንፊያቸው ግን አንድ ዓይነት የሆነ ቱቦዎችን አስነፍቶ ነበር፤ መሣሪያው ተደብቆባቸው የሰሙትም ሆኑ የነፉት ሰዎች የትኛው ከምን እንደተሠራ መለየት አልቻሉም። ልዩነቱ ያለው በመንፊያው አቆራረጥ ላይ ነው። የመንፊያው ቀዳዳ ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ መስኮት ናት፤ ከከንፈር ማረፊያው እስከ ቱቦው ያለው ግድግዳዋ ደግሞ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንፋሽ የሚመታው ያን ከወዲያ ማዶ ያለ ጠርዝ ነው። ጠርዙ የሰላበት ማዕዘንና የግድግዳው ቁመት በጥቂቱ ሲለወጥ፣ ድምፁ ወፍራም ወይም ቀጭን፣ ቶሎ ተናጋሪ ወይም ዘገምተኛ ይሆናል። የዛሬውን ፍሉት በ1847 እ.ኤ.አ. የቀረጸው የሙኒኩ ቴዎባልድ ቦም ራሱ ነፊ ከመሆኑም በላይ በሙያው የወርቅ አንጥረኛ ነበር፤ እንዲህ ያለው የጥቃቅን ልኬት ጥበብ ከአንጥረኛ እጅ መውጣቱ አያስገርምም። የብር ራስ ያላቸው ፍሉቶች የሚሻሉትም በአመዛኙ ፋብሪካው ለዚያ ደረጃ መንፊያውን በበለጠ ጥንቃቄ ስለሚቆርጠው ነው እንጂ ብሩ ስለዘመረ አይመስለኝም።

ክፍት ቀዳዳ ሲባል በጣት በቀጥታ ከሚዘጉት ቁልፎች አምስቱ መካከላቸው የተበሳ ነው ማለት ነው። ነፊው ጣቱን ልክ መካከል ላይ እንዲያሳርፍ ስለሚያስገድድ የእጅ አቀማመጥን ያርማል፤ ሲያስቸግርም ቀዳዳዎቹ በትናንሽ መድፈኛ ተደፍነው አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ለእኛ አገር ልጅ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ዋሽንት ነፊ ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን ሲጫወት ጣቱን ከቀዳዳው ላይ በቀስታ እያንሸራተተ ድምፁን እንደሚያስለቅሰው ሁሉ፣ በክፍት ቀዳዳ ፍሉትም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ በዝግ ቁልፍ ግን አይሞከርም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ክፍት ቀዳዳ ይሁን።

ረጅሙ እግር፣ ማለትም ረዘም ያለው የፍሉቱ የታችኛው ጫፍ ክፍል፣ አንዲት ተጨማሪ ታችኛ ሲ ያስገኛል፤ በምትኩ መሣሪያውን ያከብዳል፣ ያስወድዳል። ልጅዎ በምትጫወታቸው ቁራጮች ውስጥ ያቺን ድምፅ በዓመት አንዴ ብታገኛት ነው፤ አጭሩ ይበቃታል። በያማሃ ረጅም እግር ያለው ሞዴል በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኤች የሚል ፊደል ስላለበት ወንድምዎ በዚያ ይለየዋል። የግራ እጅ የቀለበት ጣት የሚያርፍበት የሶል ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር ከተሰለፈው ይልቅ ወደ ውጭ ወጣ ያለው ለእጅ ይመቻል፤ ተሰልፎ የተሠራው በመልኩ ያማረ ከመሆኑ በስተቀር የሚመካበት ነገር አላየሁበትም።

አንድ ነገር ግን ወንድምዎ ሳይጠይቅ የቀረው አለ፤ ልጅዎን የሚያስቸግራት ላይኛው ሚ። በቦም አሠራር ሁለቱ የሶል ቀዳዳዎች አንድ ላይ ስለሚከፈቱና ስለሚዘጉ፣ ላይኛው ሚ ሲነፋ አንዱ ብቻ መከፈት ሲገባው ሁለቱም ይከፈታሉ፤ ድምፁ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስፕሊት ኢ የተባለው ተጨማሪ ማንጠልጠያ ታችኛውን የሶል ቁልፍ ለይቶ በመዝጋት ይህን ያቃናዋል። ብዙ ታላላቅ ነፊዎች ያለ እሱ ስለሚጫወቱ የግድ ነው አልልም፤ ልጅዎ ግን የምትታገለው በትክክል ከዚህች ድምፅ ጋር በመሆኑ ያለበት ቢገኝ ይመረጥ።

የፋብሪካው ስም ሲነሣ፣ ያማሃን ደጋግሜ የጠራሁት ከአንዱ ፍሉት ወደ ሌላው ጥራቱ ስለማይዋዥቅና ልጅዎ አስቀድማ ሳትሞክረው የሚገዛ መሣሪያ ስለሆነ ነው። ፐርልም ጥሩ ነው፤ ቁልፎቹን ከዘንጋቸው ጋር የሚያያይዙት ጥቃቅን ፒኖች ስለሌሉት ከጊዜ በኋላ መላላቱ ይቀንሳል። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡትን ስም የለሽ ፍሉቶች ግን ወንድምዎ ዞር ብሎም አይያቸው። ቁልፋቸው ከለስላሳ ማዕድን ስለሚሠራ ይጎብጣል፤ ጠጋኝም ሊያቃናው ሲል በእጁ ላይ ይሰበርበታልና ብዙዎቹ አንነካም ይላሉ።

ልጅዎ መሣሪያውን በእጇ ሳትይዝ መምረጥ የግዢው ደካማ ጎን ነው። በአሜሪካ ያሉ የፍሉት ሱቆች ብዙዎቹ መሣሪያ ለጥቂት ቀናት አስይዘው ያስሞክራሉ። ወንድምዎ ሁለት ወይም ሦስት ፍሉት ይዞ ፍሉት ለሚችል ሰው ያስነፋ፤ ነፊው በሁሉም ላይ አንዱን ዜማ፣ አንዱን ታችኛ ዶና አንዱን ላይኛ ሚ ይንፋ፤ ስልኩንም ከአንድ ቦታ ሳያንቀሳቅስ ይቅዳው። የተቀዳውን ሲልክ ስምና ዋጋ አይጻፍበት፤ «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ይበቃል። ልጅዎና አስተማሪዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሙና ይምረጡ። ሲመጣም ሳጥኑን በእጁ ይዞ ይሳፈር፤ ሻንጣ ውስጥ ከተጣለ የጎበጠ ዘንግ ነው የሚደርስዎ።

ፍሉቱ ቤት ከገባ በኋላ ስለ አያያዙ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ብር ድኝ ሲነካው ይጠቁራል፤ ሱፍ ደግሞ ድኝ አለው። በመሆኑም ለአገራችን ብርድ እንደ መንዝ ባና ያለ ወዳጅ ባይኖርም፣ ሳጥኑን በእሱ ጠቅልሎ ማስቀመጥም፣ ኩበት በሚጤስበት ክፍል ማኖርም ለብሩ አይበጀውም። ሁለተኛው፣ ከተነፋ በኋላ ውስጡ ሳይደርቅ ሳጥን ውስጥ አይግባ፤ ከሱቅ የሚገዛውን ጨርቅ ከመፈለግ ይልቅ ያረጀ፣ ደጋግሞ የታጠበ የነጠላ ቁራጭ በዘንጉ አፍ ላይ አስገብቶ ጫፉን መሸፈን ከሁሉም የተሻለ ውኃ ይጠጣል። ጥለቱ ግን ተቆርጦ ይውጣ፤ ክሩ ይቧጭራል።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት

የ19 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምነፋው በውሰት በያዝኩት ፍሉት ነው። አንድ ሰው «ሁለመናው ብር ነው» ያለኝን ያገለገለ ፍሉት በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ሊሸጥልኝ ፈልጓል። እንዴት ልመነው?

መልስ

ልጄ፣ ሰውየውን ማመን አይጠበቅብህም፤ ፍሉቱ ራሱ ይናገራል። በአንተ ዕድሜ እያለሁ እኔም «ብር ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን ፍሉት በደስታ ተሸክሜ ገባሁ፤ ስምንት ወር ሳይሞላው የግራ እጄ አመልካች ጣት ሥር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ልባጡ ተፍቆ፣ ቢጫ ገላ ብቅ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያ የምታየው ያን ቦታና የከንፈር ማረፊያውን ነው፤ ላብና ከንፈር ዘወትር የሚነኳቸው ስለሆኑ ልባጥ የሚገለጠው ከእነሱ ነው። እውነተኛ ብር ቢፋቅም ከሥሩ ብር ነው፤ ቢጠቁር እንኳ በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ይነጣል። 925 የሚለውን ማኅተም በራሱ፣ በገላውና በእግሩ ላይ ለየብቻ ፈልግ፤ በራሱ ላይ ብቻ ካገኘኸው ብሩ ራሱ ብቻ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ።

ከዚያ ሦስቱን ክፍሎች ገጣጥመህ ወዝወዝ አድርጋቸው። ሲገጥሙ ለስለስ ብለው ሄደው ከገጠሙ በኋላ መንቀሳቀስ የለባቸውም። ዘንጎቹን በዓይንህ ትክክል አሰልፈህ እንደ ቀስት የጎበጠ እንዳለ ተመልከት፤ በብሎኖቹ ራስ ላይ ዝገት፣ በቁልፎቹ መጋጠሚያ ላይ እንደ ጠብታ የደረቀ የብየዳ ምልክት ካየህ አንድ ቀን ወድቆ ተሰብሯል ማለት ነው። ገላው ላይ ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ያን ያህል አታስጨንቅህም፤ በራሱ ክፍል ላይ ያለች ግን ታስጨንቅህ፣ ቅኝቱን ታዛባለችና። ፓዶቹ ቢጫ ሆነው ከጠርዛቸው ከተቀደዱ፣ ሁሉን የማስለወጫው ወጪ ቀላል ስላልሆነ ጠጋኝ ጠይቀህ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። አንተም ፓድ እንዳይጣበቅብህ ሻይ በስኳር ጠጥተህ አፍህን ሳትጉመጠመጥ አትንፋ።

ስትሞክረው ሃያ ደቂቃ ያህል ነፍተህ ይሙቅ፤ ከዚያ ታችኛውን ዶ እጅግ በቀስታ፣ ቁልፉን ሳትጫን፣ እስትንፋስህ እስኪያልቅ ያዘው። ተንቀጥቅጦ ወደ ላይኛው ድምፅ ካልዘለለብህ አይሾልክም። ቅኝቱን በስልክህ መቃኛ ስትለካ በከተማህ ሙቀት ከፍ ብሎ ቢገኝ አይግረምህ፤ የራሱን ክፍል ከአምስት እስከ ሰባት ሚሊ ሜትር ሳብ አድርገህ ደግመህ ለካ። ያኔ መካከለኛው ዶ ሻርፕ ብቻውን ትንሽ ከፍ ቢል የፍሉቶች ሁሉ ጠባይ ነው፤ ሦስትና አራት ድምፆች በየአቅጣጫው ከተበታተኑ ግን ፍሉቱን አትውሰደው። ሻጩ ለሁለት ቀን አስይዘህ ወስደህ ለአስተማሪህ እንድታሳይ ካልፈቀደልህም እንዲሁ ተወው።